ለእንግዳ የተለሰነ ግድግዳ

እናቴ ቤቷን ያጣችው በእንግዳ አክባሪነቷ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። ሰው ቤቱን የሚያጣው ወይ በእሳት፣ ወይ በፍርድ ቤት፣ ወይ በወንድም ክፋት ነው። የእኛ ግን እንዲህ አልነበረም። የእኛ በኖራና በድፎ ዳቦ ነው የሄደው፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የምንኖረው ቦሌ ሚካኤል ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከብረታ ብረት ሥራ ቤቶቹ ጀርባ። ቤቱ የቀበሌ ነው። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ። አውሮፕላን ባናታችን ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ሁሉ ይንጫጫል። ኪራዩ እንኳ ከምንም የሚቆጠር አልነበረም፤ ያስቸገረን የጓሮ ግድግዳው ነው። ከሥሩ በስብሶ ወደ ውጭ ጋደል ብሎ ነበር፤ የያዘው አባቴ ከመሞቱ በፊት ያስደገፈው ግንድ ነው። ጣሪያውም በዚያው ጥግ ተከፍቶ ክረምት ክረምት ያፈሳል።

ታዲያ ለምን አታድሱትም ነበር የሚል ይኖራል። የቀበሌ ቤት ያልኖረ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። የቀበሌ ቤት ያለ ፈቃድ አንዲት ማገር አይቀየርበትም። ፈቃድ ስንጠይቅ "ቤቱ የመንግሥት ነው፣ በጀት ሲመጣ ራሳችን እናድሰዋለን" ይሉናል። በጀቱ መቼ ይመጣል ስንል "ስትጠሩ ትሰማላችሁ"። አንድ የሰፈራችን ሰው በገዛ ገንዘቡ ግድግዳ ቢያቆም አስፈርሰውት አፈሩን ለወር ያህል እየዞረው ሲገባና ሲወጣ አይተናል። ስለዚህ እናቴ ግንዱን እየነካካች "አይዞህ፣ ቻል" ትለው ነበር። እየቀለድኩ አይደለም፣ እውነት ትለው ነበር።

በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ፌዴራል የሚለው ቃል ገና አዲስ ሆኖ ሽማግሌዎቹ ሲጠሩት አፋቸው ላይ ሲደናቀፍ፣ ቀበሌው ስብሰባ ጠራን። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ ነበር የተናገረው። ፀጉሩን በሥርዓት ያበጠረ፣ ትሑት፣ ሲናገር ወደ ጫማው የሚያይ ልጅ። የፌዴራል መንግሥት ለከተማው ለድሃ ቤትና ለሰፈር ልማት የሚሆን ገንዘብ ሰጥቷል፤ ከተማው ለየቀበሌው ያከፋፍላል፤ መጀመሪያ የሚታደሱት እጅግ የተጎዱት ቤቶች ናቸው፤ የተረፈው ለመንገድ፣ ለቦይና ለቦኖ ውሃ ይውላል አለ። የትኛው ቤት እጅግ እንደተጎዳ ለማወቅ ደግሞ እሱ ራሱ ቤት ለቤት እየዞረ ያያል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ምንም የሚያደናግር ነገር አልነበረውም።

እናቴ ከስብሰባው ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጓሮ ሄዳ ግድግዳውን ቆማ አየችው። ክረምት ሳይገባ ይሠራልን ይሆናል አለችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበራትም። አዲሱ ግድግዳ ሲቆም አልጋዋን ወዴት እንደምታዞር፣ መስኮት ይጨመርልን ብላ ለመጠየቅ ድፍረት ይሆንባት እንደሆነ፣ ይህን ብቻ ነበር የምታወራው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትፈነድቅ አይቻት አላውቅም።

ጥፋቱ የጀመረው ባለሙያው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሰፈሩን እየዞረ፣ ከማዘጋጃ ቤት እንግዳ ስለሚመጣ ሁሉም ሰው ደጁን ይጥረግ፣ ቦዩን ይክፈት፣ ቤቱን ያሰናዳ ብሎ ለፈፈ። ያስለፈፉት የቀበሌው ሊቀ መንበር ናቸው። ሰፈራቸው ቆሽሾ እንዳይታይባቸው ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ድህነታችንን ሊያይ ለሚመጣ ሰው ድህነታችንን ጥረጉ ተባልን፣ እኛም እሺ ብለን መጥረጊያ አነሳን!

ሰፈሩ አበደ። ኖራ ከሱቅ ጠፋ። ሰው ሁሉ የሶፋ ልብስ ያጥባል፣ የተቀደደ ኮርኒስ ይሰፋል፣ ግድግዳ ላይ አዲስ ጋዜጣ ይለጥፋል። እናቴ ጭቃ በጭድ አቡክታ ስንጥቁን ከውስጥ ለሰነችው፣ ከላዩ ኖራ ቀባችው። ግን ግድግዳው ሆዱን ነፍቶ ያስታውቃል። ያን ጊዜ ነው ወደ ጎረቤታችን የሄደችው።

ጎረቤታችን የወሎ ሰው ነች፣ ሙስሊም፣ ጨርቅ ነጋዴ፤ ባሏ ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ከእናቴ ጋር እህትማማች ማለት ናቸው። እህቷ ከጂዳ ያመጣችላት፣ አጋዘን የተሳለበት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ምንጣፍ ነበራት፤ የቤቷ ጌጥ እሱ ብቻ ነው። እናቴ ለአንድ ቀን አውሺኝ አለቻት። እሷም ምንጣፉን ብቻ ሳይሆን መጋረጃዋንና የወለል ስጋጃዋንም ጨምራ ሰጠቻት። "እኔ ነገ ገበያ ነኝ፣ ቤት ያለችው አማቴ ብቻ ናት፤ ለሷ ምን ያደርግላታል" አለች።

እኔ ያኔ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር፤ በዚያች ቀን ፈቃድ ጠይቄ ቤት ዋልኩ። አጋዘኖቹ በስንጥቁ ላይ ተሰቅለው ሳይ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። እማዬ፣ ሰውየው የሚመጣው የፈረሰ ሊያይ እኮ ነው አልኳት። ጣሳዎቹን፣ ጠብታ የምንቀበልባቸውን ማለቴ ነው፣ አልጋ ሥር እየከተተች "እንግዳ ነው፣ የሰው ልጅ ነው፣ ቤቴ ሲገባ ሊሳቀቅ አይገባም" አለችኝ። ከዚህ በኋላ ከሷ ጋር ክርክር ከድንጋይ ጋር ክርክር ነው።

ልጁ መጣ። ከኋላው ሊቀ መንበሩና ሌሎች ሁለት ኮሚቴዎች። እናቴ ጎንበስ ቀና አለችላቸው። ድፎ ዳቦ ደፍታ ነበር። በሞቴ፣ በሞቴ እያለች አንዱን ቁራሽ ሳይጨርሱ ሌላውን ታስይዛቸዋለች። ልጁ አፉ ዳቦ እንደያዘ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ አጋዘኖቹን አየ። እሱም ጨዋ ነው፤ የሰው ምንጣፍ ገልጦ አያይም። በትሕትና ጠየቃት።

"እማማ፣ ክረምት ላይ ያፈስብዎታል?"

"ኧረ ተመስገን ልጄ፣ ምን ጎድሎን!"

እኔ አልቻልኩም፤ ያፈሳል እንጂ፣ በዚያ ጥግ በኩል ና ላሳይህ ብዬ ተነሳሁ። እናቴ እየሳቀች ክንዴን ያዘችኝ፤ ሥጋዬን በጥፍሯ ስትይዘው ግን ፊቷ ላይ ምንም አይታይም። "ይቺ ቀልድ ትወዳለች" አለቻቸው። ሊቀ መንበሩም ሳቁ። ልጁ የያዘው ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፈና አመስግኖ ወጣ። ግንዱ ያለበት ጓሮ ድረስ ማንም አልዞረም፤ እናቴ የጓሮውን በር ቁም ሣጥን ገፍታበት ነበር።

እንደወጡ ጮህኩባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምትይው አንቺ አይደለሽም ወይ አልኳት። ዳቦው የተበላበትን ሳህን እያነሳች፣ ለማላውቀው ሰው ገመናዬን አልዘረግፍም አለችኝ። ደግሞ እሱ የተማረ ነው፣ ሳንነግረው ያውቃል፣ ለዚህ አይደለም እንዴ የሚማሩት አለች። በእውነት ይህን አምና ነበር። የተማረ ሰው በምንጣፍ ውስጥ የሚያይ መስሏት ነበር።

ከዚያ ልጁ ጎረቤታችን ቤት ገባ። ነጋዴዋ የለችም፤ አማቷ፣ ዓይናቸው የደከመ ግን አፋቸው ያልደከመ አሮጊት፣ ከመደባቸው ሳይነሱ ተቀበሉት። ግድግዳው ራቁቱን ነው፤ ምንጣፉ እኛ ጋ ነዋ። መስኮቱ ራቁቱን ነው። ወለሉ አፈር ነው። ልጁ ያፈሳል ወይ ሲላቸው፣ ዓይን የለህም እንዴ አንተ፣ ቀና ብለህ እየው እንጂ አሉት። ይህን በኋላ ራሳቸው ናቸው እየሳቁ የነገሩን።

የሚታደሱት ቤቶች ዝርዝር ሲለጠፍ የጎረቤታችን አለ፤ የእኛ የለም። ልብ በሉ፣ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ቀን በአንድ እጅ የተሠሩ ናቸው። እንዲያውም የሷ ግድግዳ ከእኛ ይሻል ነበር። እናቴ የሰማችው ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነው። ቤት ገብታ ዳቦ ጋገረችና እንኳን ደስ ያለሽ ልትላት ሄደች። ጎረቤታችን በሩ ላይ ስታያት አለቀሰች። ወላሂ ምንጣፌን ባልሰጥሽ ኖሮ ይሄ ላንቺ ነበር የሚሆነው፣ አዘናጋሁሽ አለቻት። እናቴ ደግሞ እሷን ስታባብል አመሸች። ማን ማንን ማባበል እንደነበረበት እስካሁን አልገባኝም።

አቤት ለማለት ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ፣ ቤታችሁን እኔም አይቼዋለሁ፣ ጸዳ ያለ ቤት ነው፣ አትስገብገቡ፣ ለባሰበት እንተው አሉኝ። ዳቦውን ከማንም በላይ የበሉት እሳቸው ናቸው። ጓሮ ዞረው ይዩት ብል፣ ግምገማው አልቋል፣ ገንዘቡ ተመድቧል፣ ለሚቀጥለው ዙር ነው አሉ። ቢሮ ውስጥ ምን እንዳልኳቸው አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ ግን ሰላምታ የለንም።

ገንዘቡ ተበልቷል ብዬ የምጽፍ የመሰለው ካለ ተሳስቷል። አልተበላም። ሌባ ቢበላው እኮ ይቀለኝ ነበር፣ ሌባውን ረግሜ እተኛ ነበር። ገንዘቡ በሥርዓቱ ወጣ። እነጎረቤታችን ግድግዳ ተሠራላቸው፣ እሰይ፣ የሚገባቸው ነው። ወደ አስፋልቱ ፊታቸውን የሰጡ ቤቶች አዲስ ቆርቆሮና ቀለም አገኙ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ የሚያልፍ ሰው የሚያያቸው እነሱን ነዋ። ቦኖ ተተከለ። ቦይ ተቆፍሮ እስከ ሰፈራችን አፋፍ ከመጣ በኋላ አለቀ ተባለና እዚያው ቀረ። ቀበሌው የብረት በር አሠራ። ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተጠጣ። ጥራት ያለው ሥራ ነው ብሎ አንድ ትልቅ ሰው ተናገረ። ቦዩ ያለቀበት ቦታ ከቤታችን ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ የሰፈሩን ጎርፍ ሁሉ ሰብስቦ እኛ ላይ እንደሚለቀው የተናገረ ግን የለም።

ክረምት ገባ። በፍልሰታ ጾም፣ እናቴ ቅዳሴ ላይ እያለች፣ እኔ ሥራ ቦታ፣ ግድግዳው ወደቀ። ግንዱን ጎርፉ ከሥሩ ፈንቅሎት ነው። ጣሪያውም ተከትሎት መጣ። ሰው አልነበረበትም፣ እግዜር ይመስገን፤ ግን አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የአባቴ ልብስ፣ ሁሉም ከጭቃ ጋር ተደባልቆ ነበር። ስደርስ እናቴ ጠበሉን በጠርሙስ እንደያዘች ፍርስራሹ ፊት ቆማለች። ጎረቤታችን ከኋላዋ እቅፍ አድርጋ ይዛታለች፤ አብሽሪ፣ አብሽሪ ትላታለች። የቀረውን ክረምት ያሳለፍነው እሷ ቤት ነው፣ በአዲሱ ግድግዳ ሥር። ከኖርኩበት ቤት ሁሉ ደረቅ ክፍል ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው።

በጥቅምት ሁለተኛው ዙር መጣ፤ ያው ባለሙያ ነው የሚመጣው ተባለ። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ በዚህኛው አልደብቅም አለችኝ። ጭቃውን እንዳላነሳው ከለከለችኝ። የበሰበሰውን አልጋ ራሷ ጎትታ ፊት ለፊት አወጣችው። ዳቦ አልጋገረችም። ጥሩምባ ነፊው እንደገና ደጅ ጥረጉ ብሎ ሲያልፍ መጥረጊያ ያዘችና፣ የምትጠርግ መስሎኝ ሳያት፣ ወደ ጓሮ ወረወረችው።

ልጁ መጣ። ሰፈርተኛው ተከትሎ መጣ፤ የእድር ሰዎች፣ የእናቴ ማኅበርተኞች፣ አባቴን በሕመሙ ጊዜ እየመጡ ይጠይቁት የነበሩ ሁሉ። እናቴ ፍርስራሹ ላይ ወጥታ ቆመች። ልጁ ሳይጠይቃት ጀመረች። ያን ቀን ምንጣፍ ሰቅዬ ዋሽቼሃለሁ አለችው። ጣሳዎቹን አልጋ ሥር ደብቄ ነበር አለችው። ሰው ያጉረመርም ጀመር፤ ይበቃሻል የሚላት ነበር። እሷ ግን አንዴ ተከፍታለች፤ በሕይወቷ ለማንም፣ ለኔ እንኳ በአፏ ተናግራው የማታውቀውን ተናገረች።

"ባሌ የሞተው እዚህ ጥግ ላይ ነው። በመጨረሻው ክረምት አልጋው ላይ ውሃ ይወርድበት ነበር፤ ላስቲክ አለብሰው ነበር። ጠያቂ ሲመጣ ላስቲኩን አነሳና፣ ርሶ ሲያዩት፣ አልቦት ነው እላለሁ። እነዚህን ሁሉ አልቦት ነው እያልኩ አሰናብቻቸዋለሁ። ላብ አልነበረም። ዝናብ ነው። ባሌን ዝናብ ነው የጨረሰው።"

እኔ አውቅ ነበር። ላስቲኩን ከኔ ጋር ነበር የምናነሳው። ግን በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም፤ ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን የተባለ ያህል ነበር። አሁን በሰፈሩ ሁሉ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጭቃ ላይ ቆማ ዘረገፈችው።  ልጁ ጫማውን አየ። አዝኗል፣ አላዘነም አልልም፤ ድምፁ ተሰባብሮ ነበር ሲመልስላት።

"እማማ፣ በጣም አዝናለሁ። ግን እኔ የተላክሁት ለሚታደስ ቤት ነው። ይሄ እኮ አሁን ቤት አይደለም።"

ምን ማለትህ ነው ብዬ ዘለልኩበት። አስረዳኝ፣ ረጋ ብሎ። ገንዘቡ የተፈቀደው ለእድሳት ነው፤ ከዜሮ መሥራት ሌላ በጀት ነው፣ እሱ ገና አልመጣም። የፈረሰ ቤት ከቀበሌው መዝገብ ይሰረዛል። ባለፈው ዙር ብታሳዩኝ ኖሮ አለና ራሱ ደንግጦ አቋረጠው። መጀመሪያ ደህና ነው ተብሎ ቀረ፤ ኋላ ደግሞ ፈርሷል ተብሎ ቀረ። የእኛ ቤት ልክ የሚበቃውን ያህል የተጎዳበት ቀን ካለ፣ ያን ቀን ማንም አልመጣም። እናቴ ከፍርስራሹ ላይ ወረደች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ስለደከማችሁ እግዜር ይስጥልኝ አለቻቸው።

ቤቱን ይውሰዱት፤ የመንግሥት ነው፣ ከመጀመሪያውም የኛ አልነበረም። ቦታው ላይ በኋላ የቀበሌው ዕቃ ቤት ተሠራበት። እሱን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት ሌላ ነው። በማግስቱ ሰፈሩ የአባቴን ሞት እንደ አዲስ ያወራ ጀመር። አንዱ የእድር ሰው፣ ያኔ ግንባሩን ስዳብሰው እኮ ቀዝቅዞኝ ነበር፣ ላብ ደግሞ እንዴት ይቀዘቅዛል ብዬ ነበር አለ። አንዷ፣ ምነው ለእኛ ብትነግረን፣ ሸራ እናዋጣ አልነበር አለች። እውነቷን ነው፣ ያዋጡ ነበር። ለዚህ ነው እናቴ ያልነገረቻቸው። ከዚያ ሳምንት በኋላ ማኅበር መሄድ ተወች። ቤተ ክርስቲያን ሲቀር የትም አትወጣም፤ እዚያም ሰው ሳይገባ ገብታ ሰው ሳይወጣ ትወጣለች።

ኮተቤ አንድ ክፍል ተከራየን። ክፍሉ ደረቅ ነው፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው። የማያውቋት ሰዎች መሃል ስለሆነች ደስ ያላት ትመስል ነበር። አንድ እሑድ በሩ ተንኳኳ፤ በበሩ ስንጥቅ ሳይ ጎረቤታችን ናት። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ በፌስታል የሆነ ነገር ይዛ መጥታለች። እናቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ድምፅ ሳታሰማ በእጇ ጠራችኝና የለችም በያት አለችኝ። እማዬ፣ እሷ እኮ ናት አልኳት። የለችም በያት አለች እንደገና።

በሩን በጥቂቱ ከፍቼ እናቴ የለችም አልኳት። ጎረቤታችን በሩ ሥር ያለውን የእናቴን ጫማ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። እሺ፣ ስትመጣ ሰላም በይልኝ ብላ ፌስታሉን ሰጠችኝና ሄደች።